ፖዱን ባጠፋሁት ቁጥር ለምን ይመለሳል? ቁጥሩንስ ማን መለሰብኝ?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂው በኩበርኔቲስ ላይ፣ ማለትም ፕሮግራሞችን በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ በሚያሠራና በሚቆጣጠር ሥርዓት ላይ፣ የሚሠራ አንድ አገልግሎት አላቸው፤ ሦስት ፖዶች አሉት። ፖድ ማለት ፕሮግራሙን በታሸገ ሳጥን (ኮንቴይነር) ይዞ የሚያሠራ ትንሹ አሃድ ነው። አንዱ ፖድ አስቸገራቸውና አጠፉት፤ ወዲያው ተመልሶ መጣ። ደግመው አጠፉት፤ አሁንም መጣ። በሌላ ቀን የተጠቃሚው ቁጥር ሲበዛ በስኬል ትእዛዝ ፖዶቹን ከ3 ወደ 5 አሳደጉ፤ ሠራ። በማግስቱ አዲስ የፕሮግራሙ ቅጂ ሲጫን ግን ቁጥሩ ማንም ሳይነካው ወደ 3 ተመልሶ ተገኘ። ሰነዱን ሲያገላብጡ «ኦብጀክት የፍላጎት መዝገብ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር (ኦብጀክት ማለት እንደ ፖድ ያለ በኩበርኔቲስ የሚመዘገብ ነገር ሁሉ ነው) አገኙና እንዲህ ሲሉ ጠየቁ፦ «ይህ ፍልስፍና ነው ወይስ የሚሠራ ነገር? እኔ የምሰጠውን ትእዛዝ የሚሽረውስ ማን ነው?»

የሚሠራ ነገር ነው። ትእዛዝዎን የሻረም የለም። ፖዱ ይጥፋ ብለዋል፤ ጠፍቷል። ቁጥሩ 5 ይሁን ብለዋል፤ ሆኗል። ችግሩ ያለው እርስዎ በትእዛዝ ሲያስቡ ሥርዓቱ የሚያስበው በጽሑፍ መሆኑ ላይ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚባለው ለኩበርኔቲስ የተነገረ ይመስለኛል። አንድ ጊዜ ተሰጥቶ ያለፈ ትእዛዝ እዚያ ቤት ዋጋ የለውም፤ ተጽፎ የተቀመጠ ፍላጎት ግን እስኪፋቅ ድረስ ይፈጸማል። ስለዚህ «ምን አዘዝኩ?» የሚለውን ጥያቄ ትተው «ይህን መስክ ማን ጻፈው? ማንስ ያነበዋል?» የሚለውን ቢይዙ ሁለቱም እንቆቅልሾችዎ በአንድ ቁልፍ ይከፈታሉ።

አገልግሎትዎን የገለጹበትን ፋይል ይክፈቱት። ከላይ የኤፒአይ ቨርዥን አለ፤ ቀጥሎ ካይንድ፣ ማለትም የኦብጀክቱ ዓይነት፤ በእርስዎ ፋይል ዲፕሎይመንት (የፖዶቹን ብዛትና ይዘት የሚወስነው) የሚል ነው። ከዚያ ሜታዳታ ይመጣል፤ ስሙና መለያዎቹ (ሌብል የሚባሉት፣ እንደ «አፕ፦ መደብር» ያሉ ምልክቶች) እዚያ ይሰፍራሉ። አራተኛው ስፔክ ነው። ፍላጎትዎ የሚጻፈው እዚህ ነው፦ ሬፕሊካስ (የፖዶቹ ብዛት) 3፣ ኢሜጁ (ኮንቴይነሩ የሚነሣበት የፕሮግራሙ ጥቅል) ይህ፣ ማኅደረ ትውስታው ይህን ያህል። አምስተኛ ክፍልም አለ፤ ስታተስ ይባላል፤ በፋይልዎ ውስጥ ግን አያገኙትም፣ እንዲገባም አያስፈልግም። እሱን የሚጽፉት የሥርዓቱ ክፍሎች ናቸው። ስፔክ «እንዲህ ይሁን» ይላል፣ ስታተስ «እንዲህ ሆኗል» ይላል፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት መዝጋት ደግሞ የኩበርኔቲስ የዘወትር ሥራ ነው። እንደ ኮንፊግማፕና ሲክሬት ያሉ ስፔክም ስታተስም የሌላቸው ኦብጀክቶች መኖራቸውን በመንገዴ ልጥቀስ፤ እነሱ የፕሮግራሙን ቅንብርና ምስጢር የመሰለ ውሂብ ብቻ ይይዛሉ፤ በኋላ አንድ ተንኮል ስለሚመጣባቸው ስማቸውን ይያዙልኝ።

አሁን የአፕላይ ትእዛዝ፣ ማለትም ፋይሉን ወደ ኩበርኔቲስ የሚያስገባውን፣ ሲሰጡ የሚሆነውን በዝግታ እንየው። ብዙ ሰው ይህን ክፍል ሮጦ ያልፈውና ከስድስት ወር በኋላ በሌሊት ተመልሶ ይመጣበታል።

ኩብኮንትሮል የተባለው የትእዛዝ መስጫ መሣሪያ ፋይሉን ወደ ኤፒአይ ሰርቨሩ፣ ጥያቄዎችን ወደሚቀበለው የኩበርኔቲስ በር፣ ይልከዋል። (ኩብሲቲኤል ብለው የሚጠሩትም አሉ፤ ክርክሩ ከእኛ በኋላም ይኖራል።) ሰርቨሩ ማንነትዎንና ፈቃድዎን ያረጋግጣል፣ የጽሑፉን ቅርጽ ይመረምራል፣ እርስዎ ያልሞሏቸውን አንዳንድ መስኮች በነባሪ ዋጋ ይሞላል፣ ከዚያም ኢቲሲዲ በተባለው የመረጃ ቋት ውስጥ ያስቀምጠዋል። የእርስዎ ትእዛዝ እዚህ ላይ አለቀ። አንድም ኮንቴይነር አልተነሣም፤ አንድም ኖድ (ፖዶች የሚሠሩበት ኮምፒውተር) አልተነካም። ስክሪንዎ ላይ «ተፈጥሯል» የሚል ቃል ሲወጣ የተፈጠረው መዝገቡ ነው።

የቀረው የሌሎች ሥራ ነው። የዲፕሎይመንት ኮንትሮለሩ፣ ዲፕሎይመንቶችን የሚጠብቀው ፕሮግራም፣ ኤፒአይ ሰርቨሩን እየተከታተለ ስለሆነ አዲሱን ጽሑፍ ያያል። እሱ ፖድ አይፈጥርም፤ ሬፕሊካሴት የተባለ ሌላ ኦብጀክት ይጽፋል፤ በዚያም ላይ ሬፕሊካስ 3 ይላል። የሬፕሊካሴት ኮንትሮለሩ በተራው ይህን ያነብና በመራጩ፣ ማለትም «ይህ መለያ ያላቸው» በሚለው መስክ፣ የሚገጥሙ ፖዶችን ይቆጥራል። ዜሮ ናቸው። ስለዚህ ሦስት የፖድ ኦብጀክቶችን ይጽፋል። እነዚህም ገና ወረቀት ናቸው፤ ኖድኔም የሚባለው መስካቸው ባዶ ነው። የሼጁለሩ ሥራ ይህ መስክ ባዶ የሆነባቸውን ፖዶች መፈለግ ነው፤ ለእያንዳንዱ የሚመጥን ኖድ መርጦ ስሙ እንዲመዘገብ ያደርጋል። በዚያ ኖድ ላይ ያለው ኩብሌት በእሱ ስም የተመደበ ፖድ ሲያገኝ ኢሜጁ እንዲወርድና ኮንቴይነሩ እንዲነሣ ያደርጋል፤ የሆነውንም በፖዱ ስታተስ ላይ ይመዘግባል።

ከእነዚህ መካከል አንዱም ሌላውን አላዘዘም። ሼጁለሩ ኩብሌትን አልጠራውም፤ ዲፕሎይመንቱም ሬፕሊካሴቱን «ና ሥራ» አላለውም። ሁሉም አንድ መዝገብ ያነባሉ፣ የየራሳቸውን መስመር ይጽፋሉ፣ ይሄዳሉ፤ ተመልሰውም ያነባሉ። ሁለት ጸሐፊዎች በአንድ ጊዜ አንዱን ኦብጀክት ለመለወጥ ቢሽቀዳደሙ፣ በአሮጌ ቅጂ ላይ ተመሥርቶ የመጣው በሪሶርስ ቨርዥኑ (ኦብጀክቱ በተለወጠ ቁጥር በሚለወጠው ምልክት) ይታወቅና ግጭት ተብሎ ይመለሳል፤ አንብቦ እንደገና ይሞክራል። ኩበርኔቲስ የሚለው ስም በግሪክኛ የመርከብ መሪ ያዥ ማለት ነው፤ ስሙ ጥሩ ስም ነው። መሪ ያዥ አንድ ጊዜ አቅጣጫ አስይዞ ወደ መኝታው አይሄድም። ማዕበሉ በገፋ ቁጥር ያርማል። ሐሳቡ የኩበርኔቲስ ብቻም አይደለም፤ ጉግል ቦርግ የተባለውን የውስጥ ሥርዓቱን ለዓመታት ሲያንቀሳቅስ ካገኘው ልምድ በመነሣት ነው ኩበርኔቲስን በ2014 ለሕዝብ ያወጣው፤ ዶከር ስዋርምና ኖማድ የተባሉ ተመሳሳይ ሥርዓቶችም የሚፈለገውን ሁኔታ አስጽፈው ወደዚያ የመንዳት መንገድ ይከተላሉ።

ወደ ተመላሹ ፖድ እንሂድ። ፖዱን ሲያጠፉት በመዝገቡ ላይ አንድ ፖድ ተሰረዘ። የሬፕሊካሴት ኮንትሮለሩ ቆጠረ፦ ሁለት። የተጻፈው ግን ሦስት ነው። ስለዚህ አንድ ጻፈ። እርስዎ የነኩት ውጤቱን ነው፤ ምክንያቱ፣ ማለትም በዲፕሎይመንቱ ስፔክ ላይ ያለው 3፣ እንደተጻፈ ነው። ደግሞም «ተመለሰ» ማለት ትክክል አይደለም፤ የሞተው ሞቷል። ስሞቹን ቢያስተያዩ የዲፕሎይመንቱን ስም ተከትሎ ያለው የመካከለኛው ክፍል አንድ ዓይነት ሲሆን መጨረሻ ላይ ያሉት አምስት ቁምፊዎች ተለውጠዋል። መለያ ቁጥሩም አዲስ ነው፤ የአይፒ አድራሻው ላይም መተማመን አይቻልም። አሮጌው ፖድ በራሱ ኮንቴይነር ውስጥ የጻፈው ፋይል ከነበረ አብሮት ሄዷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። ዲፕሎይመንት ሳይኖር ፖድን ብቻውን ጽፈው ከነበረና ካጠፉት አይመለስም። ምክንያቱም «እንዲህ ያለ ፖድ ይኑር» ብሎ የሚቆም ሌላ ጽሑፍ የለም። ኮንቴይነሩ ቢወድቅ በዚያው ኖድ ላይ ያለው ኩብሌት ያነሣዋል፤ ፖዱ ራሱ ከተሰረዘ ወይም ኖዱ ከሞተ ግን ወራሽ የለውም። የሚያስነሣው አስማት አይደለም፤ ባለቤት ነው። በፖዱ ሜታዳታ ውስጥ ኦውነር ሬፈረንስስ የሚባለውን መስክ ቢያዩ ሬፕሊካሴቱን ያገኙታል፤ በሬፕሊካሴቱ ላይ ደግሞ ዲፕሎይመንቱን። ያን ሰንሰለት እስከ ላይ ድረስ መውጣት የሚለወጠው መስክ የት እንዳለ ለማወቅ ካሉት መንገዶች ሁሉ አጭሩ ነው።

ታዲያ ያስቸገረውን ፖድ ምን ያድርጉት? አገልግሎቱን በሙሉ ማቆም ከፈለጉ በዲፕሎይመንቱ ላይ ሬፕሊካስን 0 ያድርጉ፤ ጽሑፉ ራሱ «አንድም አይኑር» ስለሚል ማንም አይከራከርዎትም። ፍላጎትዎ ፖዱን መመርመር ከሆነ ግን አያጥፉት። ይልቁንስ መራጩ የሚፈልገውን መለያ ከፖዱ ላይ ይቀይሩ፤ ለምሳሌ አፕ የሚለውን መለያ ከ«መደብር» ወደ «ምርመራ» ይለውጡት። ሬፕሊካሴቱ ሲቆጥር ይህ ፖድ ከእንግዲህ የእሱ አይደለም፤ ሁለት ብቻ ስለሚያይ አዲስ ይጽፋል። ሰርቪሱም (የተጠቃሚዎችን ጥያቄ ለፖዶቹ የሚያከፋፍለው) በዚያው መለያ የሚመርጥ ከሆነ ወደ ታመመው ፖድ ጥያቄ መላኩን ያቆማል። ፖዱ ግን በሕይወት አለ፤ ገብተው ሎጉን ማንበብ፣ ማኅደረ ትውስታውን መመልከት ይችላሉ። ሲጨርሱ በእጅዎ ያጠፉታል፤ ያን ጊዜ አይመለስም። ይህን ለአዲስ ባልደረባ ሳሳየው ደስ የሚለኝ ጥቅሙ ብቻ አይደለም፤ ሬፕሊካሴት ፖድን በስሙ እንደማያውቀው፣ በመለያው እንደሚቆጥረው በዐይን ስለሚያሳይ ነው።

ኮንትሮለሮቹ ቢተኙስ? ሬፕሊካሴቱን የሚጠብቀው ፕሮግራም ለአንድ ሰዓት ቆሞ በዚያ መካከል ሁለት ፖዶች ቢጠፉና አንዱን እርስዎ ቢያጠፉ፣ ተመልሶ ሲነሣ የአንድ ሰዓቱን ታሪክ አይፈልግም። ስንት ይፈለጋል? ስንት አለ? በዚህ ብቻ ይሠራል። ያመለጠው መልእክት ሥራውን አያበላሸውም፣ ምክንያቱም ሥራው በክስተት ሳይሆን በሁኔታ ላይ የተመሠረተ ነው። በእኔ ግምት የዚህ ንድፍ ትልቁ ጥንካሬ ይህ ነው፤ ራስን የመፈወስ ችሎታ እየተባለ የሚወደሰው ሁሉ ከዚህ የሚወለድ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዎ ከመጀመሪያው ይልቅ ተንኮለኛ ነው። በስኬል ትእዛዝ 5 ያሉት ጊዜ እንደ ፖዱ ውጤትን አልነኩም፤ የዲፕሎይመንቱን ስፔክ ራሱን ነው የለወጡት። የሚፈለገው ሁኔታ በእውነት 5 ሆነ። በማግስቱ ግን የመጫኛው መስመር፣ አዲስ ቅጂን በራሱ የሚጭነው ሂደት፣ በኮድ ማከማቻው ውስጥ ያለውን ፋይል ይዞ መጣ፤ በፋይሉ ላይ የተጻፈው 3 ነው። አፕላይ ሲባል «ሬፕሊካስ 3 ይሁን» የሚል አዲስ ፍላጎት ተጻፈ። ኩበርኔቲስ ከሁለቱ ማንኛው ፍላጎት የእርስዎ ልብ እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ለሁለቱም ታዘዘ፣ በተራቸው።

አፕላይ ግን ፋይሉን እንዳለ በላዩ አይጭንም። ሦስት ጽሑፎችን ያስተያያል። አንደኛው አሁን የያዘው ፋይል ነው፤ ሁለተኛው በክላስተሩ (በኖዶቹ ስብስብ) ውስጥ ያለው ሕያው ኦብጀክት፤ ሦስተኛው ባለፈው አፕላይ የተላከው ፋይል ቅጂ ነው። ይህ ሦስተኛው ላስት አፕላይድ ኮንፊገሬሽን በሚል ስም በኦብጀክቱ ሜታዳታ ውስጥ እንደ ማስታወሻ ተለጥፎ ይኖራል። በፋይሉ ላይ ያለ ዋጋ ከሕያው ኦብጀክት የሚለይ ከሆነ የፋይሉ ያሸንፋል፤ የእርስዎ 5 በዚህ ምክንያት 3 ሆነ። በፋይሉ ላይ ያልተጠቀሰ፣ በማስታወሻውም ላይ የሌለ መስክ አይነካም፤ ሌላ ሰው ጽፎት ይሆናል ተብሎ ይታለፋል። በማስታወሻው ላይ ኖሮ በአሁኑ ፋይል ላይ የሌለ መስክ ግን «ባለቤቱ ሰርዞታል» ተብሎ ከሕያው ኦብጀክት ይፋቃል።

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ያንብቧት፤ እኔን ዋጋ አስከፍላኛለች። ከዓመታት በፊት በምሠራበት ቦታ አንድ አገልግሎት ሆሪዞንታል ፖድ አውቶስኬለር በተባለ፣ እንደ ጭነቱ የፖዶችን ቁጥር በራሱ በሚለዋውጥ ኮንትሮለር ይመራ ነበር። የጭነት ሰዓት ስለነበር አውቶስኬለሩ ፖዶቹን 14 አድርሷቸዋል። ፋይሉ ላይ ግን ሬፕሊካስ 4 የሚል አሮጌ መስመር ነበር፤ በጫንን ቁጥር ቁጥሩ ወደ 4 ወርዶ እንደገና ይወጣል። «ቁጥሩ የአውቶስኬለሩ ከሆነ በፋይላችን ላይ ምን ይሠራል?» አልኩና መስመሩን አጠፋሁት። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ሰነዱም የሚመክረው ይህንኑ ነው። አፕላይ አልኩ። መስመሩ በማስታወሻው ላይ ነበር፣ በፋይሉ ላይ የለም፤ ስለዚህ ተፋቀ። ሬፕሊካስ ሲፋቅ ባዶ አይቀርም፤ ኤፒአይ ሰርቨሩ በነባሪ ዋጋ ይሞላዋል፤ ነባሪው 1 ነው። ዐሥራ ሦስት ፖዶች ስንብት ጀመሩ። አውቶስኬለሩ በነባሪ በየ15 ሰከንዱ ስለሚመለከት ማረም ለመጀመር አልዘገየም፤ አዳዲሶቹ ተነሥተው ዝግጁ እስኪሆኑ ድረስ ግን አንድ ብቸኛ ፖድ የሁሉንም ሸክም ተሸክሞ ሲንገዳገድ በግራፉ ላይ ቆሜ አየሁት። ያን ቀን ከሥርዓቱ ክፍሎች ማንም አልተሳሳተም፤ ሁሉም የተጻፈውን ፈጸመ። የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ያውም በመፋቅ።

መድኃኒቱ ቅደም ተከተል ነው። መስመሩን ከፋይሉ ከማውጣትዎ በፊት ከማስታወሻው ያውጡት፤ ለዚህ ኢዲት ላስት አፕላይድ የሚባል የአፕላይ ንዑስ ትእዛዝ አለ። ማስታወሻው ላይ ሬፕሊካስን ሰርዘው ካስቀመጡ በኋላ ከፋይሉ ቢያወጡት «ያልተጠቀሰና የእኔ ያልሆነ» ከሚባለው ወገን ስለሚመደብ ማንም አይነካውም።

ከ1.22 ቅጂ ጀምሮ ለምርት ሥራ የተረጋጋ ሆኖ የወጣው ሰርቨር ሳይድ አፕላይ ይህን ትግል በተሻለ መንገድ ይፈታዋል። የማስተያየቱን ሥራ ከእርስዎ ኮምፒውተር ወደ ሰርቨሩ ያዛውረውና ለእያንዳንዱ መስክ ባለቤት ይመዘግባል፤ መዝገቡ ማኔጅድ ፊልድስ ይባላል። እኔ የጻፍኩትን መስክ ሌላው ለወጠው እንበል፤ ባለቤትነቱ ወደ እሱ ያልፋል። በሚቀጥለው አፕላይ እኔ ሌላ ዋጋ ይዤ ብመጣ ሰርቨሩ በዝምታ አይጽፍም፤ «ይህን መስክ እከሌ ይዞታል» ብሎ ግጭቱን በስም ይነግረኛል። ማስገደድ እችላለሁ፤ ያን ጊዜ ግን እያወቅሁ ነው። በእርስዎ ታሪክ ውስጥ ይህ ቢኖር ኖሮ የመጫኛው መስመር 5ን ዝም ብሎ ከመርገጥ ይልቅ ቆሞ ይጮህ ነበር። ማኔጅድ ፊልድስ በኦብጀክቱ ላይ ረጅምና ለዐይን የሚያስጠላ ጽሑፍ ስለሆነ ኩብኮንትሮል በነባሪ ይደብቀዋል፤ «ማን ጻፈው?» ብለው ሲጠይቁ ግን መልሱ ያለው እዚያ ነው፣ ከነሰዓቱ።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ የተጻፈ ነገር ሁልጊዜ እንደሚሆን እንዳያስመስልብዎ እፈራለሁ። ፍላጎት መጻፍ ማሟላት አይደለም። የኢሜጁን ስም አንድ ፊደል አሳስተው ይጻፉና አፕላይ ይበሉ፤ በደስታ ይቀበልዎታል። ቅርጹ ትክክል ነውና። ከዚያ ኩብሌት ለማውረድ ይሞክራል፣ ያቅተዋል፣ ይጠብቃል፣ ደግሞ ይሞክራል። ከየትኛውም ኖድ አቅም በላይ ማኅደረ ትውስታ ቢጠይቁም እንዲሁ ፖዱ ፔንዲንግ (በመጠባበቅ ላይ) እንደተባለ ቀናት ሊቆጥር ይችላል። ተነሥቶ ቶሎ ቶሎ የሚወድቅ ኮንቴይነር ደግሞ ክራሽ ሉፕ ባክ ኦፍ ውስጥ ይገባል፤ በተለመደው አሠራር መጠበቂያው ከ10 ሰከንድ ጀምሮ በእጥፍ እያደገ እስከ 5 ደቂቃ ይደርሳል። ሥርዓቱ ተስፋ አይቆርጥም፤ ትዕግሥቱ ግን እንደ ስኬት መቆጠር የለበትም።

ዲፕሎይመንትም የራሱ የጊዜ ገደብ አለው። በነባሪ 600 ሰከንድ ውስጥ እድገት ካላየ ፕሮግረስ ዴድላይን ኤክሲድድ የሚል ምክንያት በስታተሱ ላይ ይጽፋል። ይጽፋል ብቻ ነው። በራሱ ወደ ቀድሞው ቅጂ አይመልስም። ብዙ የመጫኛ መስመሮች አፕላይ በተሳካ ማግስት አረንጓዴ መብራት ያበራሉ፤ ይህ ደብዳቤ ፖስታ ሳጥን ውስጥ ስለገባ ደርሷል እንደማለት ነው። ከአፕላይ ቀጥሎ ሮልአውት ስታተስ የሚለውን ትእዛዝ ያስገቡና መስመሩ ውጤቱን እስኪያይ ይጠብቅ። ስታተስን ራስዎ የሚያነቡ ከሆነም አንድ ወጥመድ አለ፤ ያነበቡት ስታተስ የአሮጌው ስፔክ ሊሆን ይችላል። በሜታዳታ ላይ ያለው ጀነሬሽን ስፔክ በተለወጠ ቁጥር ይጨምራል፤ በስታተስ ላይ ያለው ኦብዘርቭድ ጀነሬሽን ደግሞ ኮንትሮለሩ እስከየትኛው እንዳነበበ ይናገራል። ሁለተኛው ከአንደኛው ካነሰ «ሁሉም ደኅና ነው» የሚለው ዜና የትናንት ነው።

ፍጥነትም ሌላ የሚያስገርም ነገር ነው። ኖድ በድንገት ቢሞት ፖዶቹ በዚያች ቅጽበት ሌላ ቦታ ይነሣሉ ብለው አይጠብቁ። በመጀመሪያ ኖዱ ዝም ማለቱ መታወቅ አለበት፤ ከዚያ በኋላም ፖዶች በነባሪ 300 ሰከንድ ይታገሣሉ፤ የአጭር ጊዜ የኔትወርክ መቋረጥ በሆነ ቁጥር ሁሉን ማፈናቀል ከበሽታው የባሰ ስለሚሆን። አገልግሎትዎ ይህን የማይችል ከሆነ የትዕግሥቱንም ልክ በፖዱ ስፔክ ላይ መጻፍ ይቻላል።

ስማቸውን ይያዙልኝ ወዳልኳቸው ኮንፊግማፖች ልመለስ። ኮንፊግማፑን ለወጥኩ፣ አፕላይ አልኩ፣ ፕሮግራሙ ግን አሮጌውን ዋጋ ነው የሚጠቀመው የሚል ጥያቄ በየሳምንቱ ይደርሰኛል። ዲፕሎይመንት አዲስ ሬፕሊካሴት የሚጽፈው የፖዱ አብነት፣ ቴምፕሌት የሚባለው ክፍል፣ ሲለወጥ ብቻ ነው። አብነቱ ላይ ያለው የኮንፊግማፑ ስም ነው፤ ስሙ አልተለወጠም። ስለዚህ ከዲፕሎይመንቱ እይታ አንዳች የተለወጠ ነገር የለም። እንደ ፋይል የተያያዘ ኮንፊግማፕ በአብዛኛው ከትንሽ ቆይታ በኋላ በፖዱ ውስጥ ይታደሳል፤ በአካባቢ ተለዋዋጭ (ፕሮግራሙ ሲነሣ በሚቀበለው ዋጋ) የተላለፈው ግን ኮንቴይነሩ እንደገና እስኪነሣ ድረስ እንዳለ ነው። ሌተስት በሚል የቅጂ መለያ (ታግ) ኢሜጅ የሚጭኑ ሰዎችም እዚሁ ጉድጓድ ውስጥ ይገባሉ፤ ከመለያው በስተጀርባ ያለው ኢሜጅ ተለውጧል፣ የተጻፈው ቃል ግን ያው ሌተስት ነው። ሥርዓቱ የሚያነበው የጻፉትን እንጂ ያሰቡትን አይደለም። ለእያንዳንዱ ቅጂ የተለየ ታግ ወይም ዳይጀስት (ከኢሜጁ ይዘት የሚሰላ መለያ) ይጻፉ፤ ለኮንፊግማፑም የይዘቱን ሃሽ (ይዘቱ ሲለወጥ የሚለወጥ አጭር ኮድ) በአብነቱ ማስታወሻ (አኖቴሽን) ላይ ማስፈር የተለመደ ዘዴ ነው።

ስለ ማጥፋት አንድ ቃል ብቻ። ማጥፋትም እዚህ ትእዛዝ ሳይሆን ጽሑፍ ሊሆን ይችላል። ፋይናላይዘር፣ ማለትም «ሳላጸዳ አይጥፋ» የሚል ፊርማ፣ ያለበትን ኦብጀክት ሲያጠፉት ወዲያው አይጠፋም፤ የመሰረዣ ጊዜ ይጻፍበትና ፋይናላይዘሩን ያስቀመጠው ኮንትሮለር የጽዳት ሥራውን ጨርሶ ስሙን እስኪያነሣ ድረስ ይቆያል። ተርሚኔቲንግ (በመጥፋት ላይ) እንዳለ የሚቀር ኔምስፔስ (የኦብጀክቶች ክፍል) ሲያዩ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ፊርማውን አላነሣም ማለት ነው። ፋይናላይዘሩን በእጅ መፋቅ ይቻላል፤ ፈራሚው ማን እንደሆነና ምን ሊያጸዳ እንደነበር ሳያውቁ ግን አይሞክሩት፤ ውጪ የቀረ የዲስክ ወይም የሎድ ባላንሰር ሂሳብ በኋላ ሊጠብቅዎ ይችላል።

አሁን ለእርስዎ ጉዳይ። የፖዶቹን ቁጥር የሚወስነው ሰው ነው ወይስ የተጠቃሚው ጭነት? ሰው ከሆነ የስኬል ትእዛዝን ለአስቸኳይ ጊዜ ብቻ ያቆዩትና በዚያው ሰዓት ፋይሉንም 5 ያድርጉት፤ አለበለዚያ የሚቀጥለው ቅጂ ሲጫን ያስታውስዎታል። ጭነት ከሆነ አውቶስኬለር ያቁሙና ሬፕሊካስን ከላይ ባልኩት ቅደም ተከተል፣ መጀመሪያ ከማስታወሻው ቀጥሎ ከፋይሉ፣ ያውጡት። ሁለቱም አይደለም፣ አንዳንዴ ሰው አንዳንዴ ጭነት ነው የሚሉ ከሆነ አሁንም አውቶስኬለሩን ይምረጡና የእርስዎን ቃል በትንሹና በትልቁ ወሰን ላይ ይጻፉ፤ አንድ መስክ ለሁለት ጸሐፊ ሰጥቶ ሰላም ያገኘ ሰው አላየሁም።

የሚቀጥለውን ቅጂ ከመጫንዎ በፊት ደግሞ በፋይሉ ላይ የዲፍ ትእዛዙን ያሂዱት። አፕላይ ቢባል ሕያው ኦብጀክቱ ላይ ምን እንደሚለወጥ፣ ምንም ሳይለውጥ ያሳይዎታል። ሬፕሊካስ ከሚለው መስመር ፊት የቅነሳ ምልክትና 5፣ ከሥሩ የመደመር ምልክትና 3 ካዩ እጅዎን ከመጫኛው ያንሡና ያን 5 ማን እንደጻፈው ማኔጅድ ፊልድስን ገልጠው ይመልከቱ።